እናኑ እግሯን እንደሚያማት ነግራኝ ነበር

ይህን ነገር በጎንደር ከተማ ከእኔ አፍ የሰማ ሰው የለም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ፊታቸው ቀርቤ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የሻርኩትን ጾም ስዘረዝርላቸው ይህችን አንዷን ከምላሴ ሥር ይዣት እመለሳለሁ። "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። ከዚያ ከቅጥሩ እስክወጣ ድረስ፣ ዐውቀውብኝ ይሆን እያልኩ ዘወር ብዬ አያቸዋለሁ። የደበቀው ነገር ያለው ሰው የማይጠረጥረው የለም። ዛሬ ለእናንተ ልናገር ተነስቻለሁ። እመኑኝ ግን አልላችሁም። እኔ ራሴ ራሴን እየጠረጠርኩ ነው የምጽፈው። የምናገረው እውነቱ እንዲታወቅ ነው? ወይስ ሸክሙ እንዲቀለኝ ብቻ?

የባሌት አስተማሪ ነኝ። ጎንደር ላይ ይህን ስል ሰው መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ ቀጥሎ ምነው እስክስታው አነሰሽ ይለኛል። እዚሁ ተወልጄ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ አደግሁ፤ ባሌትንም የተማርኩት እዚያ ነው። ብዙ ከለፋሁ በኋላ ያስተማረችኝ ሴት ለብቻዬ ጠርታ፣ እግሬ ለመድረክ እንደማይሆን፣ ለማስተማር ግን ጥሩ ዓይን እንዳለኝ በደግነት ነገረችኝ። በደግነት ነበር። እኔ ግን ቦታዬን ለሌላ ልጅ ልትሰጥ ነው ብዬ ጠረጠርኳት፤ ሳልሰናበታትም ሄድኩ። እንግዲህ ይህ ጠባይ ከእናኑ በፊትም ነበረብኝ ማለት ነው። ወደ ጎንደር ተመለስኩና ቀሐ አካባቢ ቀድሞ የእንጨት ሥራ ቤት የነበረ አዳራሽ ተከራየሁ። ወለሉ ሳንቃ ነው። ልጆቹ እንዲደገፉበት የውኃ ቧንቧ በወገብ ልክ ከግድግዳው ጋር አሳሰርኩ። ትምህርት ቤቴ ያ ነው።

ከሁሉ በላይ የማስተምረው እግርን ነው። ሰው ባሌት ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው ጫፉ የደነደነውና ቁርጭምጭሚት ላይ በሪባን የሚታሰረው ጫማ ላይ ነው፤ ፖይንት እንለዋለን። ልጅቱን በእግር ጣቷ ጫፍ ላይ ያቆማት ጫማው ይመስለዋል። ጫማው ማንንም አያቆምም። የሚያቆመው እግር ነው፤ እግር ደግሞ ቶሎ እሺ አይልም። ስለዚህ ልጆቹን ባዶ እግራቸውን ወለል ላይ አስቀምጬ፣ ፎጣ ዘርግቼ፣ በጣቶቻቸው እየሳቡ እንዲሰበስቡት አደርጋለሁ። አተር በትኜ በእግር ጣታቸው እያነሱ ሳህን ውስጥ እንዲጥሉት አደርጋለሁ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጡን ላስቲክ በቀጭኑ ቆርጬ፣ እግራቸው ላይ አጥልቄ፣ ወደፊት ገፍተው ቀስ ብለው እንዲመልሱት አደርጋለሁ። ከዚያ ቧንቧውን ይዘው ተረከዛቸውን ቀስ ብለው ያነሳሉ፣ ቀስ ብለው ያወርዳሉ፤ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ከብዙ ወራት በኋላ በአንድ። "ጣታችሁ አይጨበጥ፣ ይርዘም" እያልኩ እውላለሁ። ቁርጭምጭሚቷ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ጫማውን አታደርግም። ጣቷን የምትጨብጥ ልጅ አታደርግም። የሚያማት ልጅ ደግሞ ጭራሽ አታደርግም። ይህን የማላውቅ ሰው ብሆን ኖሮ ጥፋቴ ሌላ ስም በኖረው። ዐውቅ ነበር።

እናኑ ወደ እኔ ስትመጣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። የኮሶዬ ልጅ ናት። እናቷ ወይዘሮ ጥሩዬ በደባርቅ መንገድ ዳር ለሾፌርና ለመንገደኛ ምግብ የሚያቀርቡ ሴት ናቸው፤ ልጃቸውን ከተማ እንድትማር ብለው ጎንደር አክስቷ ዘንድ አስቀምጠዋታል። ቁጥብ ልጅ ነበረች፤ ካልጠየቋት አትናገርም፤ ስትናገርም ዓይኗን ወለሉ ላይ ትተክላለች። እግሯ ቅስቱ ከፍ ያለ፣ ለዓይን ሸጋ እግር ነበር። ግን ልል ነበር። እንዲህ ያለ እግር ከሌላው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሲያዩት የደረሰ ይመስላል እንጂ ገና ነው። አክስቷ እየሳቁ እንደነገሩኝ፣ ጥናት ላይ ተቀምጣ እንኳ ከጠረጴዛው ሥር በጣቶቿ ምንጣፉን ስትስብ ትገኛለች። ወደድኳት። ልጅ ሆኜ ያልተሰጠኝን እግር እሷ ላይ አየሁና ወደድኳት። መውደድ ነበር? ዛሬ እሱንም እጠረጥራለሁ።

በዚያው ሰሞን ሰላም የምትባል ቀድሞ ተማሪዬ የነበረች ወጣት እዚሁ ጎንደር አራዳ ላይ፣ ከአንድ ሱቅ በላይ ካለ ክፍል፣ ዘመናዊ ውዝዋዜ ማስተማር ጀመረች። ሳንጣላ ነበር የተለያየነው። ሆኖም የእሷ ልጆች እየበዙ የእኔ እየሳሱ ሲሄዱ ሌላ ምክንያት መፈለግ አላስፈለገኝም። ሁለት ልጆች ሲንሾካሾኩ ስደርስ ዝም ካሉ፣ የሰላምን ስም ነው የሚያነሱት። አንዷ ካረፈደች ከሰላም ጋ ነው የመጣችው። አንዲት እናት በስልክ ልጄ ትንሽ ትረፍ ካለችኝ፣ ሰላም ናት ያስጠናቻት። ስልኬን ዘግቼ የተናገሩትን ቃል እያንዳንዱን አገላብጠዋለሁ።

ከዚያ እናኑ መለወጥ ጀመረች። በአንድ እግር የምንነሳበት ሰዓት ሲደርስ ውኃ ልጠጣ ትላለች። ካልሲዋን ስታወልቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አንዳንድ ቀን ትቀራለች፤ አክስቷን ስጠይቃቸው "እኔ እንጃ፣ ወደዚያ የመጣች መስሎኝ" ይላሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አራዳ ጉዳይ ነበረኝ፤ ቀና ስል እናኑ ከሰላም ክፍል ደረጃውን ይዛ ስትወርድ አየኋት። ከመንገዱ ስትደርስ ግራ ቀኟን አየች። እኔ ጨርቅ ከሚሸጥበት መደብ ጀርባ ገባሁ። ትልቅ ሴት፣ አስተማሪ፣ ከተንጠለጠለ ነጠላ ኋላ ተደበቅሁ። ለምን አልጠራኋትም? "እናኑ፣ ምን ልትሠሪ መጣሽ?" ብላት ምን ነበረበት? የሚጠይቅ ሰው መልስ ያገኛላ። እኔ መልስ አልፈለግሁም፤ የያዝኩት ነገር በቅቶኝ ነበር።

በጥምቀት ሰሞን አንድ ሆቴል ለእንግዶቹ ዝግጅት እንድናቀርብ ጠይቆን ነበር። ሰላምም እዚያው ልጆቿን ይዛ እንደምትቀርብ ሰማሁ። ያን ጊዜ ወሰንኩ። ጎንደር ላይ በፖይንት የቆመች የመጀመሪያዋ ልጅ የእኔ ትሆናለች፤ እሷም እናኑ ትሆናለች። እናኑ የእኔ ከሆነች በዚህ ትቀርልኛለች፤ የሰላም ከሆነችም ሰላም ታያታለች። ስለ እግሯ አላሰብኩም ብል ዋሸሁ። አስቤያለሁ። አልደረሰም አልኩ፣ ግን ለአንድ ቀን ይችላል አልኩ።

አንድ ቀን ትምህርት አልቆ ልጆቹ ሲሄዱ እናኑን አስቀረኋት። አዳራሹ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። የፖይንት ጫማ የምቆልፍበትን የቁም ሣጥን ቁልፍ ሁልጊዜ አንገቴ ላይ አንጠለጥለዋለሁ፤ ከፈትኩና ጫማውን አወጣሁ። ፊቷ ይበራል ብዬ ነበር። ጫማውን አየችው፣ ከዚያ ወለሉን አየች።

"ቲቸር፣ እግሬን እያመመኝ ነው" አለች። "ትንሽ ጊዜ ባርፍስ?"

"ሰላም ጋ ስትሄጂ አያምሽም?" አልኳት።

ደነገጠች። አፏን ከፈተች፣ የሆነ ነገር ልትል ጀመረች፣ ተወችው። ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል ወሰድኩት። ተቀመጪ አልኳት፤ ተቀመጠች። ካልሲዋን አወለቅሁላት። የቀኝ እግሯ ጀርባ ላይ፣ ከጣቶቿ ከፍ ብሎ፣ እብጠት ነበር። አየሁት። አላየሁም ብል ዋሸሁ፤ አየሁት። እና ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? ለማስመሰል ራሷ መትታው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እኔን ለማታለል እግሯን በድንጋይ የምትመታ መሰለኝ። ጫማውን አደረግሁላት። ሪባኑን አዙሬ አሰርኩ። ላላ ብሎ ሲታየኝ ፈትቼ አጥብቄ አሰርኩ።

ቧንቧውን ይዛ ተነሳች። ቆመች። ጣቶቿ ጫማው ውስጥ ሲጨበጡ ከላይ ሆኜ አወቅሁ፤ ለዓይን ግን ውብ ነበረች፤ በሕይወቴ እንዲያ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም አልኩ በልቤ። "አሁን እጅሽን ልቀቂ" አልኳት። አየችኝ። "ልቀቂ" አልኳት። ለቀቀች። አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ሳንቃው መሰለኝ። ወደቀች። አልጮኸችም። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ በዓይኗ ብቻ ለመነችኝ፤ እኔ ሪባኑን ለመፍታት ስታገል ያጠበቅሁት ቋጠሮ እንቢ አለኝ።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኳት፤ አክስቷ ደውዬላቸው መጡ። ሐኪሙ ራጁን አንስቶ ብርሃን ላይ አየና፣ አጥንቱ ዛሬ የተሰበረ ብቻ እንዳልሆነ፣ ቀድሞ ተሰንጥቆ እንደነበረ፣ ልጅቱም በስንጥቁ ላይ ለሳምንታት ስትራመድ እንደቆየች ነገረን። ቢያርፍ ኖሮ ራሱ ይድን ነበር አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። በዚህ እግር ማን እንዳቆማት ጠየቀኝ።

"ማንም አላቆማትም" አልኩ። "ሳታስፈቅደኝ ጫማውን ከቁም ሣጥን አውጥታ አድርጋ ነው ያገኘኋት።"

እንዲህ አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እናኑ ከአጠገቤ አልጋ ላይ ተኝታ ነበር፤ ትሰማለች። ቁልፉ አንገቴ ላይ መሆኑን ታውቃለች። አክስቷ "እውነት ነው እናኑ?" አሏት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ለምን ዝም አለች? ሌት ተቀን ያስጨነቀኝ ይህ ነበር፤ ስለ እግሯ ከመጨነቅ ይልቅ ስለ ዝምታዋ ተጨነቅሁ። እናቷ እስኪመጡ እየጠበቀች ነው አልኩ። ከሰላም ጋር መክራ ነው አልኩ። የተማሪዎቼን ፊት በየቀኑ አነብ ጀመር፤ ሰምተዋል? ሰላምታ የነሳኝ ጎረቤት ዐውቆ ነው? ልጠይቃት እንኳ አልሄድኩም፤ ከተናገረች ፊት ለፊት ትናገረኛለች ብዬ ፈራሁ።

አንድ ጠዋት የአዳራሹ በር ተንኳኳ። ስከፍት ወይዘሮ ጥሩዬ ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር የአገራቸው ሽማግሌ አያ ታከለ፣ ከኋላቸው እናኑ፣ በክራንች። በቃ፣ መጡ አልኩ። አያ ታከለ ግን አልተቆጡም። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ልጃችን የሰው ዕቃ ሳታስፈቅድ ነክታ እርስዎን ከሐኪምና ከዘመድ ፊት አሳፍራለች፣ ለይቅርታ ነው የመጣነው አሉኝ። ድንጋይ ይዘው ነበር። እንደ ደንቡ ጥፋተኛዋ በማጅራቷ መሸከም ነበረባት፤ እናኑ ግን በክራንች ቆማ ማጎንበስ አልቻለችም። ወይዘሮ ጥሩዬ ነጠላቸውን አደገደጉና ድንጋዩን ከአያ ታከለ እጅ ተቀበሉ። ማጅራታቸው ላይ አድርገው ሳንቃው ላይ ተንበረከኩ።

"አንቱ ደግ አስተማሪ ነዎት" አሉ ከወለሉ ላይ። "ልጅ ናት፣ ይቅር ይበሉን።"

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አፌ እንኳ የተከፈተ ይመስለኛል። እናኑ ታየኝ ነበር፤ ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወለሉን ሳይሆን ዓይኔን። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ትጠብቀኝ እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው።

"ይነሱ" አልኩ። "ይቅር ብያለሁ።"

ይቅር ብያለሁ አልኩ። እኔ! ድንጋዩን በእጄ አነሳሁላቸው፤ እጄን ሳሙኝ። ያመጡትን ማር ተቀበልኩ። እናኑ ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች፤ ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አላየችኝም። የሰው ዕቃ የምትነካ ልጅ ከእናቷ ርቃ ከተማ አትተውም ብለው በዚያው ሳምንት ወደ ኮሶዬ ወሰዷት። ትምህርቷም በዚያው ቀረ።

ዓመታት አለፉ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ልጆች ሲመጡና ሲሄዱ፣ እኔ ማስተማሬን አላቆምኩም። ስለ እግር ከእኔ በላይ የሚጠነቀቅ አስተማሪ የለም ይላሉ የልጆቹ እናቶች። ባለፈው ዓመት አንድ ሰርግ ላይ ከሰላም ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከወዲያ ወዲህ ስንጨዋወት ስለዚያች የኮሶዬ ልጅ ጠየቀችኝ። አንድ ቀን ብቻ ወደ እሷ ክፍል መጥታ እንደነበር ነገረችኝ። እግሯን እንደሚያማት፣ እኔ ሳልቆጣት እንዴት ልትነግረኝ እንደምትችል ልታማክራት ነበር የመጣችው። ሰላምም በግልጽ ንገሪያት፣ ቲቸር ስለ እግር ታውቃለች፣ ትሰማሻለች ብላ ሰዳታለች።

"ከዚያ ምን ነካት ሳትነግርሽ ጫማውን ያደረገች?" አለችኝ ሰላም።

"ልጅ አይደለች" አልኳት። ያኔም ዋሸሁ። ያን ሁሉ ሰምቼ ዋሸሁ፤ ከፊቴ ያለውንም ምግብ በላሁ።

ሰነበትኩና ኮሶዬ ሄድኩ። ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ ሚኒባሱ አውርዶኝ ሲሄድ ብመለስ እያልኩ ትንሽ ቆምኩ። ወይዘሮ ጥሩዬ በደስታ ተቀበሉኝ፤ ምነው ጠፉብን አሉኝ፤ ሳላዝ ምግብ አቀረቡልኝ። ያመጣችው እናኑ ናት። ሙሉ ሴት ሆናለች። ቀኝ እግሯን ስታሳርፍ መሬቱን እንደማታምነው ሰው ቀስ ብላ ታሳርፋለች። ሰላም አለችኝ፣ ዓይኔን ግን አላየችም። ቁጭ ብዬ ሳይ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ እናኑ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በፈለገች ቁጥር እናቷን ትጠይቃለች፣ እናቷም ከጉያቸው አውጥተው ይሰጧትና ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ መንገደኛ የስልክ ቻርጀሬ ጠፋ ሲል፣ ወይዘሮ ጥሩዬ ቀድመው ያዩት ልጃቸውን ነው። ቻርጀሩ ከወንበሩ ሥር ተገኘ። ጥርጣሬዬን እዚህ ቤት አምጥቼ ተክዬው ሄጄ ነበር፤ ያለ እኔም አድጎ ጠበቀኝ።

መንገደኞቹ ሲሄዱ ወይዘሮ ጥሩዬን አጠገቤ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁም ሣጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ አልኩ። ያመኛል ስትለኝ ያላመንኳት እኔ ነኝ፣ ጫማውን ያደረግሁላት እኔ ነኝ፣ ልቀቂ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ለሐኪሙም የዋሸሁት እኔ ነኝ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ እናኑን ጠሯት።

"እውነት ነው?" አሏት።

"እውነት ነው እማ።"

"ምነው ታዲያ ዝም አልሽ ልጄ?"

እናኑ እጇን በሽርጧ ጠረገች። "እግሬን ያመኛል ብዬ ነግሬያት አላመነችኝም" አለች። "እናንተስ ታምኑኛላችሁ?"

ወይዘሮ ጥሩዬ ወደ እኔ ዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ አንቱ ማለታቸውን ግን እንደተዉ ሰማሁ።

"ያን ቀን ይቅር ብያለሁ ብለሽኝ ነበር" አሉ። "እሱን ይቅርታሽን ይዘሽልኝ ሂጂ። እኛ ቤት መቀመጥ የለበትም።"

ተነስቼ ወጣሁ። ይቅር ይበሉኝ አላልኳቸውም፤ ቃሉ ከእኔ አፍ ሲወጣ ምን እንደሚመስል እሳቸው ያውቁታል። እናንተንም አልለምናችሁም። ይህን የተማሪዎቼ እናቶች ያነቡታል፤ ልጆቻቸውን ቢወስዱ ልክ ናቸው። ሰላምም ታነበዋለች። አላውቅም ነበር እንዳልል ሙያዬ ነው። ተታለልኩ እንዳልል ያታለለኝ ሰው የለም። ልጅቱ እግሯን እንደሚያማት ነገረችኝ፤ እኔም በደንብ ሰማኋት፣ እብጠቱንም አየሁ፣ ሪባኑንም አጥብቄ አሰርኩ።